ቦረና ወይስ አንገስ? ለሥጋ የሚሆን ዝርያ መርጦ ለማዳቀል ዝርዝር መመሪያ

አንዲት ቀይ ቦቃ የአርሲ ጊደር ነበረችኝ። ኮርማ ስትፈልግ በሰው ሠራሽ መንገድ ዘር የሚሰጥ አዳቃይ አስጠራሁ። «ትልቁን ዘር ላድርግላት?» ሲለኝ «እንዴታ!» አልኩት። ዘጠኝ ወር አልፎ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የጥጃው ሁለት ሰኮናና አፍንጫው ብቅ ብሎ ቆመ። ሦስት ሰው ሆነን ገመድ ይዘን እስኪነጋ ጎተትን። ጥጃው ሞቶ ወጣ፤ ጊደሯም ሳምንት ያህል መነሳት አቅቷት ቆይታ ሞተች። አዳቃዩን ብዙ ወቀስኩት። ግማሹ ጥፋት ግን የኔ ነበር፤ የዘሩን ትልቅነት አሰብኩ እንጂ የጊደሯን ዳሌ አልተመለከትኩም።

ከዚያ ወዲህ «የትኛው ዝርያ ይሻላል?» የሚለኝን ሰው ሁሉ መልሼ «ላሞችህ ስንት ኪሎ ናቸው?» እለዋለሁ። ይህም መመሪያ በዚያው ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ ላሟ ትቀድማለች፣ መኖና ገበያ ይከተላሉ፣ የዝርያ ምርጫ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ደረጃ 1፦ ላሞቻችሁን መዝኑ

የከብት ሚዛን ከሌላችሁ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ላሟን ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟት። ከፊት እግሮቿ ኋላ፣ ከሻኛው ጀርባ የደረቷን ዙሪያ ለኩ። ቀጥሎ ከትከሻዋ አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቷ ጫፍ ርዝመቷን ለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዙት፣ የተገኘውን በርዝመቱ አባዙት፣ ከዚያ ለ10,840 አካፍሉት፤ ኪሎዋን ትቀርባላችሁ።

የኔዋ ጊደር ደረቷ 128፣ ርዝመቷ 110 ሴንቲ ሜትር ነበር። 128 በ128 ሲባዛ 16,384፤ በ110 ሲባዛ 1,802,240፤ ለ10,840 ሲካፈል 166 ኪሎ። ጊደር ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠቃው የሙሉ ላም ክብደቷን ከ60 እስከ 65 በመቶ ስትደርስ ነው። አንድ ያደገች አርሲ ላም 240 ኪሎ ብትሆን ጊደሯ ለአርሲ ኮርማ ደርሳለች። አዳቃዩ «ትልቁ ዘር» ላለው ለሆልስታይን ግን ገና ልጅ ነበረች። ሜትሩ ቤቴ ነበር፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

አሁን ከክብደቱ መኖውን አስሉ። ከብት በቀን ከክብደቱ 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። 250 ኪሎ ላም 6 ኪሎ ከሩብ፣ 450 ኪሎ ላም ደግሞ 11 ኪሎ ከሩብ ትፈልጋለች። የቀን ልዩነቱ 5 ኪሎ ነው፣ በዓመት ከ18 ኩንታል ይበልጣል። ትልልቅ ጊደሮች ከድቅል አስቀርቼ ላም አደርጋለሁ የሚል ሰው ይህን 18 ኩንታል ድርቆሽ በእያንዳንዷ ላም ስም ከየት እንደሚያመጣው ከወዲሁ ይወቅ።

ደረጃ 2፦ ገዢው ማን እንደሆነ ወስኑ

ቁርጥ ቤት የሚፈልገው ጮማ ነው። ደንበኛው ሥጋውን ዓይቶ «ከዚህ ላይ» ብሎ በጣቱ ያሳያል፤ ነጭ ጮማ ከሌለው ሥጋው የቱን ያህል ቀይና ብዙ ቢሆን ፊቱን ያዞራል። በአዳማ ዙሪያ ያሉ ለውጭ ገበያ የሚያደልቡ ደግሞ ያልተኮላሸ ወጣት የቦረና ኮርማ ይመርጣሉ። ሦስተኛው ገዢ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ወንዱን ለሥጋ ሸጣችሁ ሴቷን ድቅል ለወተት የሚወስድ ጎረቤት ማለቴ ነው።

ለቁርጥ ቤት የምታደልቡ ከሆነ ቀን መቁጠርም አለባችሁ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሰንጋ ይዞ መቆየት መኖ ማቃጠል ነው፤ ማድለቡ የሚያልቀው ለፋሲካ ዋዜማ እንዲሆን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ጀምሩ።

ደረጃ 3፦ ስማቸው የገነነውን በጥርጣሬ እዩ

አንገስ። ከስኮትላንድ የመጣ፣ ቀንድ አልባ፣ ጥቁር ወይም ቀይ። ቶሎ ይደርሳል፣ ስብ ቶሎ ይይዛል፣ ጥጃው ሲወለድ ብዙም አይከብድም። ለጮማ ገበያችን ከአውሮፓ ዝርያዎች የሚቀርበው እሱ ነው ብል አልሳሳትም። ቀን ለሚያቃጥል ስምጥ ሸለቆ ግን ጥቁሩ ሳይሆን ቀዩ ይሻላል፤ ጥቁር ቆዳ ፀሐዩን ይጠጣዋል። ሌላም አለ፦ ቀንድ አልባነቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ድቅሉ ይወርዳል። በበረት ውስጥ መወጋጋት ስለሚቀር ጥቅም ነው። ግን ሰንጋን በቀንዱና በሻኛው የሚመዝን የገጠር ገበያተኛ ቀንድ የሌለው ወይፈን ሲያይ መጀመሪያ «ምን ሆነ?» ይላል።

ሄርፎርድ። እንግሊዛዊ፣ ቀይ፣ ፊቱ ነጭ። የዋህና ጠንካራ ግጦሽ በል ነው። ድክመቱ ያው ነጭ ፊቱ ላይ ነው፤ የዓይኑ ቆብ ቀለም ስለሌለው በጠራ ፀሐይ አገር ለዓይን ሕመምና ለዓይን ካንሰር ይጋለጣል። የኛ ደጋ ፀሐይ ደግሞ ቀዝቃዛ ቢመስልም ይለበልባል። ነጩ ፊት በድቅሉ ላይም ይወጣል።

ሻሮሌና ሊሙዚን የፈረንሳይ ናቸው። ሥጋቸው ብዙ፣ ስባቸው ጥቂት ነው። ንጹህ የሻሮሌ ጥጃ ሲወለድ ከ40 ኪሎ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ሊሙዚን በወሊድ በኩል ይቀላል። ትልልቅ የቦረና ላሞችና የማያልቅ መኖ ያለው፣ ሥጋውን በኪሎ የሚሸጥ ሰው ቢያስብባቸው እረዳዋለሁ። ቤልጂየም ብሉን ግን ከናካቴው እርሱት፤ በሀገሩ እንኳ አብዛኛው ጥጃ የሚወለደው በቀዶ ጥገና ነው። ፎቶው በየስልኩ ስለሚዞር ነው ያነሳሁት።

ሲመንታል። የስዊስ ነው፤ ወተትም ሥጋም ይሰጣል። ባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል ከሆሮና ከቦረና ላሞች ጋር ካዳቀላቸው ዝርያዎች አንዱ ስለሆነ ለኛ አገር እንግዳ አይደለም። ወንዱን አድልቦ ሴቷን ለወተት ለሚሸጥ አነስተኛ አርቢ፣ ከገነኑት ውስጥ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ላሟ ግን አነስ ያለች እንዳትሆን።

ብራህማን። አሜሪካኖች ከሕንድ ሻኛማ ከብቶች ያወጡት ነው። ለቴክሳስ ትልቅ ነገር ሠርቷል፤ ሳንታ ገርትሩዲስ የሚባለው ዝርያ የተገኘው እዚያ 3/8 ብራህማንን ከ5/8 ሾርትሆርን ጋር በማዋሐድ ነው። እነሱ ያጡት ሙቀትና መዥገር የሚችል ሻኛ ነበር። እኛ ግን ሻኛ አላጣንም። በሻኛማ ላም ላይ ሻኛማ ኮርማ ማድረግ ከአውሮፓ ዝርያ ጋር ሲነጻጸር የድቅል ብርታቱ፣ ማለትም ድቅሉ ከወላጆቹ በልጦ የሚያሳየው ጥንካሬ፣ ያንሳል፤ ገንዘባችሁን ለሌላ አውሉት።

ደረጃ 4፦ ስማቸው ያልገነነውን ደጋግማችሁ እዩ

ቦረናን ከዚህ ማስቀመጤ ሊያስቅ ይችላል። ከያቤሎ እስከ አዳማ የማያውቀው የለም። ሆኖም እንደ ማዳቀያ ኮርማ የሚያስበው ጥቂት ነው፤ «የሀገር ከብት» ተብሎ ከሌላው ጋር ይደመራል። ኬንያዎች ከደቡብ ኢትዮጵያ የሄደውን ይህንኑ ከብት እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ እየመረጡ አሻሻሉት፤ በ1951 የአርቢዎች ማኅበር አቋቋሙለት። ዛሬ በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ ቦረና ይረባል። በአሜሪካ ነብራስካ የሚገኘው የሥጋ እንስሳት ምርምር ማዕከል በ1990ዎቹ የቦረናንና የብራህማንን ኮርማ ከአንገስና ከሄርፎርድ ላሞች ጋር አዳቅሎ ሲያወዳድር፣ የብራህማን ድቅሎች በክብደት በለጡ፤ በሥጋ ልስላሴ ግን የቦረናዎቹ ተሻሉ። ጥርስ ለሚፈትነው ቁርጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለአርሲና ለመሰል ትናንሽ የደጋ ላሞች የመጀመሪያው እርምጃ ቦረና ኮርማ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥጃው ይገዝፋል፣ ወሊዱ አያስፈራም፣ ድቅሉ መዥገሩንና የበጋውን ጭድ ይችላል። ሁለቱም ሻኛማ ስለሆኑ ብርታቱ እንደ አውሮፓ ድቅል አይሆንም። ግን ከዚህ ድቅል የምትወለደው ጊደር ሰፋ ያለች እናት ትሆናለች፤ አንገስ ወይም ሲመንታል የሚታሰበው ያኔ በሷ ላይ ነው። ወደ ትልቁ ዘር በአንድ ዝላይ ከመሄድ በሁለት እርምጃ መሄድ ማለት ነው። እኔ አሁን የያዝኩት ይህንን መንገድ ነው።

ፎገራ። ከጣና ምሥራቅ ባለው ረግረጋማ ሜዳ የኖረ ነው። ውኃ የሚተኛበት መሬትና ዝንብ አያሸንፈውም፤ ጠባዩ ለስላሳ ነው፣ ወተት አለው። ሜዳው ወደ ሩዝ እርሻ እየተለወጠ ግጦሹ ስለጠበበና ከደጋው ከብት ጋር ስለተደባለቀ ንጹሁን ማግኘት እየከበደ ነው፤ ኮርማ የሚፈልግ ከአንዳሳ ምርምር ማዕከል ይጠይቅ። ቀለሙ ብዙ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር ነው። አንድ ጊዜ ደላላ «የፈረንጅ ድቅል ናት» ብሎ እንዲህ ያለች ፎገራ ሊያሻሽጠኝ ሞክሯል። ቀለም ዘርን አይመሰክርም፤ ሻኛውን፣ እንግርግሪቱንና የጡቱን አቀማመጥ እዩ።

ሆሮ፣ ከወለጋ። ቡናማ ቀይ፣ ቀንዱ ያማረ፣ ለእርሻም ለወተትም የሚሆን። እናት አድርጋችሁ ያዙት፤ ባኮም የተሞከረው በእናትነቱ ነው።

በጋይት ከሑመራና ከወልቃይት ቆላ እስከ ኤርትራ ጋሽ ባርካ ያለ፣ እግሩ ረጅም፣ ቁመናው ዓይን የሚሞላ ነው። ዝናው በወተት ነው፤ ለቆላ አርቢ ግን ወንዱ ጥሩ ሥጋ ይዞ ያድጋል። ወደ ብርድ አገር ለመውሰድ አትቸኩሉ።

ሸኮን ለሥጋ ብላችሁ አትፈልጉትም፤ ትንሽ ነው፣ ሻኛው የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን በቤንች ሸኮና አካባቢው ፄፄ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ የሚባል በሽታ ሌላውን ከብት ሲጨርስ እሱ ይቋቋማል። ፄፄ ዝንብ ባለበት ሸለቆ የምታረቡ ከሆነ ከየትኛውም አንገስ በላይ ዋጋ ያለው ደም ይህ ነው። ቁጡ ነው እየተባለ ኮርማው ቀድሞ ስለሚኮላሽና ላሞቹ በሻኛማ ኮርማ ስለሚጠቁ ዘሩ እየተመናመነ ነው። ያገኛችሁ አታኮላሹት።

የሐረርን ሰንጋ የማላነሳው ምሥጢሩ ከዝርያ ይልቅ እጅ ላይ ስለሆነ ነው። የሐረርጌ ገበሬ አንድ ወይም ሁለት በሬ ደጁ አስሮ፣ ከማሽላ ማሳው እየነቀለ ቅጠሉንና አገዳውን በእጁ ያጎርሰዋል። በሳምንት የሚጎርሰውን ያየ ሰው ስለ ዝርያ መከራከር ይተዋል።

ደረጃ 5፦ በወረቀት አወዳድሩ

ሰው የሚያወዳድረው ኮርማውን ነው። መወዳደር ያለበት ግን በአንድ ዓመት ከመንጋው ጡት የጣለ ኪሎ ነው። እንበል፣ 10 ላሞች በቦረና ኮርማ ተጠቅተው 8 ጥጆች ጡት ጣሉ፣ እያንዳንዱ 120 ኪሎ ነው፤ ድምሩ 960፣ በላም 96 ኪሎ። ሌሎች 10 ላሞች በከባድ ዘር ተጠቅተው አንዳንዶቹ ሳይዙ ቀሩ፣ ሁለት በወሊድ ሞቱ፣ 6 ጥጆች በ150 ኪሎ ጡት ጣሉ፤ ድምሩ 900፣ በላም 90። ገበያ ላይ የሚታየው 150 ኪሎው ጥጃ ነው። ሳይወለዱ የቀሩትን ግን ማንም አይቆጥራቸውም።

ስለዚህ ለየምታስቡት ዝርያ አንድ አንድ ገጽ ያዙና እነዚህን ጻፉ፦ ጥጃው ሲወለድ የሚመዝነው፣ ላሜ የምትመዝነው፣ ዘሩ በአካባቢዬ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል ወይ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ምን ይበላል፣ ገዢዬ ጮማ ወይስ ቀይ ሥጋ ይፈልጋል። «ይገኛል ወይ» የሚለውን አትዝለሉት። በጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የአርሲ ከብት ከፍሪዥያን ጋር ሲዳቀል ዓላማው ወተት ነበር፤ አገሪቱም በዋናነት በዚያው መንገድ ስለሄደች በአዳቃዩ የናይትሮጅን ጋን ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ሆልስታይንና ጀርሲ ነው። የሥጋ ዝርያ ዘር የምትፈልጉ ከሆነ ቀድማችሁ፣ በጽሑፍ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ የውጭው ደም ስንት እጅ ይሁን?

ባለሙያዎች ሄትሮሲስ የሚሉት የድቅል ብርታት በመጀመሪያው ትውልድ ሙሉ ነው፣ 100 በመቶ። ድቅሉን ከድቅል ጋር ካገናኛችሁት ወደ 50 ይወርዳል፤ ወደ አንዱ ወላጅ ዝርያ ብትመልሱትም ያው 50 ነው። ሁለት ዝርያዎችን በየትውልዱ እያፈራረቃችሁ ከሄዳችሁ ውሎ አድሮ 67 በመቶው ይቀራል፣ ሦስት ካፈራረቃችሁ 86። እንደ ሳንታ ገርትሩዲስ 3/8 ለ5/8 የሆነ ቋሚ ዝርያ 47 በመቶ ገደማ ይይዛል።

ብርታቱ የሚታየው ላሟ ቶሎ በመያዟ፣ ጥጃው በመትረፉ፣ በዕድገቱ ነው። በሥጋው ጥራት ላይ እምብዛም አይጨምርም፤ እሱ ከራሱ ከኮርማው የሚወረስ ነው። ስለዚህ ጮማ የማይዝ ዘር «በድቅል ይስተካከላል» ብላችሁ አትግዙ።

ለአነስተኛ አርቢ የማየው ሁለት መንገድ ብቻ ነው። አንደኛው ድቅሉን ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ መሸጥ ነው። ለዚህ ከላሞቻችሁ ሲሶ ያህሉን ምንጊዜም በራሳቸው ዝርያ ኮርማ አስጠቁ፤ ያለዚያ ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላ የምታዳቅሉት እናት ያልቅባችኋል። ሁለተኛው ማፈራረቅ ነው፤ ድቅሏን ጊደር ለቦረና፣ የሷን ልጅ ለሲመንታል፣ እንዲያ እያለ። እየደጋገማችሁ ለአንገስ እየሰጣችሁ 75 በመቶ ማድረስ ግን ጭድ ባለበት ቤት አይሠራም። እንስሳው ዕድገቱን ለማሳየት የሚጠይቀውን ሲያጣ መጀመሪያ የሚያቆመው መውለድን ነው።

ደረጃ 7፦ ማስጠቃት

ለከባድ ዘር የምትመረጠው ሁለቴና ከዚያ በላይ በሰላም የወለደች ላም ናት፤ ጊደር በፍጹም። ሻኛማ ላም የፅንሱን ዕድገት በማኅፀኗ ስለምትገድብ የአውሮፓ ኮርማ ጥጃ በሷ ላይ ከሚጠበቀው አንሶ ይወለዳል። ይህ ተፈጥሯዊ እርዳታ እውነት ነው፣ ግን 166 ኪሎ ጊደርን አያድንም።

የኛ ላሞች ድራት አጭርና ድብቅ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ይመጣል። ጎህ ሲቀድና ማታ ከብት ሲገባ ግማሽ ሰዓት ቆማችሁ እዩ። ዋናው ምልክት ሌላ ላም ስትወጣባት ሳትሸሽ ቆማ መቀበሏ ነው፤ ንጹህ ዝልግልግ ፈሳሽም ከጅራቷ ሥር ይታያል። ጠዋት ካያችሁ ለማታ፣ ማታ ካያችሁ ለነገ ጠዋት አዳቃዩን ጥሩ። ካልያዘች በ21 ቀን ገደማ ትመለሳለች።

አዳቃዩ ሲመጣ አትፈሩት፣ አፍጥጣችሁ እዩ። ዘሩ የተቀመጠው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። ዘሩን የያዘው ቀጭን ቱቦ፣ ስትሮው፣ ወጥቶ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል መቅለጥ አለበት፤ በኪስ ወይም በእፍ እፍታ አይደለም። ስትሮው ላይ የኮርማው መለያና ዝርያው ተጽፏል፤ አስነብቡት፣ ባዶውን ስትሮው ተቀብላችሁ ከቀኑ ጋር መዝገብ ላይ ለጥፉት። «ትልቁ ዘር» የሚባል ዝርያ የለም።

በኮርማ ከሆነ አንድ የደረሰ ኮርማ ለ25 ላም ይበቃል። የውርጃ በሽታና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሳይደረግለት አታስገቡት፣ የራሱ ሴት ልጆች ለኮርማ ሳይደርሱም ለውጡት።

በመስከረም አጋማሽ የተጠቃች ላም የምትወልደው በሰኔ መጨረሻ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት መኖ በሚያጥርበት ጊዜ ላይ ይወድቃሉና ፋጉሎና ፉርሽካውን ከየካቲት አስቀምጡላት። ከልክ በላይ ማወፈርም ወሊድ ያከብዳል፤ የመጨረሻዎቹ የጎን አጥንቶች በመዳፍ ሲዳሰሱ የሚታወቁ፣ ከሩቅ ግን የማይቆጠሩ ይሁኑ።

ደረጃ 8፦ ጥጃውን ከእናቱ ጋር መዝኑ

ጥጃውን በተወለደ ዕለት ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፤ የናንተን ክብደት ቀንሱ። ጥጃው በራሱ ነው የወጣው ወይስ ተጎትቶ፣ ስንት ሰው ጎተተው፣ ይህን ጻፉ። በስምንተኛው ወር ጡት ሲጥል በሜትሩ መዝኑትና በእናቱ ክብደት አካፍሉት። ባለፈው ዓመት 240 ኪሎ የምትመዝን አንዲት አርሲ ላሜ ከቦረና ኮርማ የወለደችው ወይፈን በስምንት ወሩ 101 ኪሎ መዘነ፤ 0.42 መሆኑ ነው። አጠገቧ ያለችው 290 ኪሎ ላም በዚያው ኮርማ ያመጣችው 96 ኪሎ፣ 0.33። ትልቋን ለገና ሸጥኳት። በትንሿ ላም ሌላ ልጅ፣ በአሁኗ ጊደር ላይ ሜትሩን ያሳረፍኩት ትናንት ነው፤ ደረቷ 139፣ ርዝመቷ 118። በመጀመሪያ ለቦረና ትሰጣለች፤ ሲመንታሉን ሦስተኛ ወሊዷ ላይ አስብበታለሁ።